መንዙማም ግጥም ነው፤ ከእሱ እንጀምር



ሥነ ጽሑፍ የምናጠና እህትና ወንድሞች ስንገናኝ የምናነሳው ነገር አለ። የሂስ ኮርስ ወስደን ስንጨርስ ፎርማሊዝም፣ ማርክሲዝም፣ ፌሚኒዝም እያልን ስም እንደረድራለን። አንድ ግጥም ቢሰጠን ግን መነሻው ይጠፋናል። ለፈተና የተሸመደደ ቲዎሪ ከፈተናው አያልፍም።

ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለናል። አይ. ኤ. ሪቻርድስ በካምብሪጅ ለተማሪዎቹ የገጣሚው ስም ያልተጻፈባቸውን ግጥሞች እያደለ ሐሳባቸውን አስጻፋቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ብዙዎቹ የስንኙን ግልጽ ፍቺ እንኳ እንደሳቱ አሳየ። ከቃሉ ሳይርቁ ማንበብን ያስፋፋው አንዱ ይህ ሥራ ነው።

ነገሩ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ዐብዱልቃሂር አል-ጁርጃኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን «ደላኢሉል ኢዕጃዝ» በተሰኘው ኪታቡ የንግግር ውበት በነጠላ ቃል ሳይሆን በ«ነዝም»፣ ማለትም በቃላቱ አያያዝ ላይ መሆኑን አስረድቷል። የቁርኣንን ኢዕጃዝ ለማስረዳት ተነስቶ የዐረብ ገጣሚያንን ስንኝ ይተነትናል። (ቲዎሪ ኢማንን ይጎዳል ብለው የሚሰጉ ወንድሞች ይህን ልብ ይበሉ።) «መንዙማ» የሚለው ስምም ከዚሁ ሥርወ ቃል የወጣ ነው።

ቃሉ ብቻውን ግን አይበቃም። የወሎው ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ ገጥመዋል። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ሲያስገድዱ ከተቃወሙት ዑለማዎች አንዱ ናቸው። ይህን ሳያውቁ ግጥማቸውን ማንበብ ምን ያህል ያስኬዳል? ታሪካዊ ሂስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ደግሞ መንዙማ በወረቀት ላይ ግማሹ ይቀራል፤ መሪው ሲያወጣ፣ ድቤው ሲመታ፣ ጀመዓው ሲቀበል ነው የሚሞላው። ስለ አንባቢ ምላሽ የሚያወራው ቲዎሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ያመጣል?

ከመካከላችን በመውሊድ ሌሊት የሰሙትን በቃላቸው የሚያወርዱ አሉ። «ግጥም ትችላለህ?» ሲባሉ «ኧረ አልችልም» ይላሉ። የሚያሳዝነን ይሄ ነው።

ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስም የሌለው አንድ መንዙማ ይነበብ፤ ቀጥሎ ታሪኩ ይነገር፤ ከዚያ በድምፅ ይደመጥ። የቲዎሪዎቹ ስም ከዚህ በኋላ ይምጣ። እኛም ጥቂት መንዙማዎችን ወደ ግዕዝ ፊደል ገልብጠን ልናስረክብ አስበናል። ዐጀሚ ማንበብ የምትችሉ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አግኙን።