ጤናችን፦ ሳይመታ የሚበልዝ ገላ

ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪያችን ክንዳቸው በልዞ መጡ። በሳምንቱ ባታቸውም በለዘ። ጎረቤት «ባላቸው መትቷቸው ነው» ብሎ አማ። እኔም፣ መምህር ተብዬው፣ አመንኩ።

ጠጋ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ማንም አልነካኝ። ጥርሴን ስፍቅም ድዴ ይደማል» አሉኝ። እግራቸውን አሳዩኝ። ቁንጫ የነከሰው የሚመስል ቀያይ ነጥብ ሞልቶበታል። ግን አያሳክክም፤ በጣት ሲጫኑትም አይጠፋም። ትኩሳቱንማ «ወባ ነው» ብለው ችላ ብለውት ኖሯል።

ጤና ጣቢያ ሄድን። ወባ አልተገኘም። ወደ ሆስፒታል ተላኩ። እዚያ የደም ካንሰር ተገኘባቸው።

ነገሩ እንዴት ነው? ደም የሚሠራው በአጥንት ውስጥ፣ በመቅኒ ነው። ቀዩ የደም ሕዋስ ጉልበት ይሆናል። ነጩ በሽታን ይከላከላል። ፕላትሌት የሚባለው ደም ያረጋል። በደም ካንሰር ጊዜ የተበላሸ ነጭ ሕዋስ መቅኒውን ይሞላዋል። አረም ጤፉን እንደሚያንቀው ሌላውን ሕዋስ ያንቀዋል።

ስለዚህ ሰው ይገረጣል፣ ይደክማል። ትኩሳት ይመላለስበታል። ሳይመታ ይበልዛል። ነስሩ አልቆም ይላል። ልጅም አጥንቴን አመመኝ ብሎ ያነክሳል። ቀስ ብሎ የሚመጣም ዓይነት አለ። ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውየው ጥቂት ጎርሶ ጠገብኩ ይላል።

እንዲህ የሆነ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። ሌላም በሽታ እንዲህ ያደርጋል። የሚለየው ምርመራ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ደም ከክንድ ተቀድቶ ሕዋሱ ይቆጠራል። ሦስት የጤፍ ፍሬ በምታህል ደም ውስጥ ቢያንስ 150,000 ያህል ፕላትሌት መኖር አለበት። የእኒያ እናት 9,000 ብቻ ነበር። ቀጥሎ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በመጨረሻ ቦታው ደንዝዞ ከዳሌ አጥንት መቅኒ በመርፌ ይቀዳል።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ዋግምት ግን አታስደርጉ፤ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። ሕክምናም አለው። ጣፊያ የሚያሳብጠው አንዱ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ይታከማል።

እኒያ እናት አሁንም በሕክምና ላይ ናቸው። መቅኒያቸው ሊቀዳ ሲል በፈቃዱ ወረቀት ላይ በጣት አሻራ ፈንታ ስማቸውን ጻፉ። ባላቸው ላማቸውን ሸጠው እያስታመሟቸው ነው። ያማናቸው ሁሉ ይቅርታ ልንጠይቃቸው ይገባል። እኔ ጠይቄያለሁ።

እንወያይ፦
1. ሳይመታ የሚበልዝ ሰው ብናይ ምን እናድርግ?
2. ትኩሳት ሁሉ ወባ ነውን?