«ያዘው» ብቻ የተማረ ውሻ

«ውሾቹ ይጮኻሉ፤ ግመሎቹ ይሄዳሉ» የሚለውን ተረት የማይወድ ተናጋሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሹም ሲወቀስ ይጠቅሰዋል፤ ደራሲ ሒስ ሲከብደው ይጠለልበታል፤ በክርክር የተረታም ሰው እርሱኑ ተመርኩዞ ከአዳራሽ ይወጣል። ሁሉም ራሱን ግመል ያደርጋል። ከውሻው ጎን ቆሞ ነገሩን ያየ ግን ጥቂት ነው።

እኔ የምኖረው ሲሪንቃ ነው። ወረዳችን ሐብሩ በምሥራቅ ከአፋር ጋር ስለሚዋሰን ግመልም ውሻም ለእኛ የንግግር ማጣፈጫ ብቻ አይደሉም። እስቲ ተረቱን ከውሻው ወገን እንስማው። ግመል መጣ፤ ውሻው ጮኸ፤ ግመሉ ሄደ። ግመሉ የሄደው መንገደኛ ስለሆነ ነው፤ ውሻው ግን ይህን በምን ይወቅ? እርሱ የተማረው «ጮኽሁ፤ አባረርሁ» የሚለውን ነው። ነገ ባጃጅ ያልፋል፤ ይጮኻል፤ ባጃጁም ይሄዳል። ከነገ ወዲያ ደብተሯን የታቀፈች ሕፃን ታልፋለች፤ ይጮኻል፤ እየሮጠች ትሄዳለች። ወሩ ሳያልቅ ስፍር ቁጥር የሌለው ድል የተቀዳጀ ጀግና በግቢያችን ይኖራል። ይህን ጀግና ማን አሳደገው? ማንም አላሳደገውም። ሙግቴም ይኸው ነው።

ለውሻ የምናስተምረው አንድ ግስ ብቻ ነው፤ «ያዘው!» የሚለውን። ልጆች በጨዋታ ያስተምሩታል፤ አዋቂዎች በኩራት ይመርቁበታል። «በቃ» የሚለውን ቃል ከጌታው አፍ በረጋ ድምፅ የሰማ ቡችላ ግን በሰፈራችን ፈልጌ አጥቻለሁ። መጮኽን ተፈጥሮ ሰጥታዋለች። ለማን እንደሚጮኽ፣ መቼ እንደሚያቆም መንገር የእኛ ድርሻ ነበር።

ሰፈሩ በዚህ ጉዳይ በሁለት ወገን ተከፍሏል። አንደኛው የሰንሰለት ወገን ነው። ቡችላው ገና ሁለት ወር ሲሞላው ሰው እንዳያይ፣ ሰውም እንዳይነካው ከጓሮ ያስሩታል። ጆሮውን የሚቆርጡለትም አይቻለሁ። «ሰው ካልለመደ ይከፋል፤ ከከፋ ይጠብቃል» ይላሉ። በእርግጥ ይከፋል፤ እስከዚህ ድረስ እንስማማለን። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት፣ ብዙ ዓመታት በፈጀ ጥናታቸው፣ ቡችላ ከሰውና ከአካባቢው ጋር የሚላመድበት ዋነኛ ጊዜ በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው እንደሆነ አሳይተዋል። እኛ ይህችን ጠባብ በር በሰንሰለት እንዘጋበታለን። ከዚያ በኋላ ለዚያ ውሻ ጎረቤትም፣ ዝንጀሮም፣ ሌባም አንድ ናቸው። ሁሉንም ስለሚፈራ ለሁሉም ይጮኻል። ሌባ በመጣ ሌሊት ሲጮኽ ታዲያ ማን ከመኝታው ይነሣለታል? «ተወው፣ ልማዱ ነው» ይባላል፤ ብርድ ልብስ ወደ ጆሮ ይሳባል።

ሁለተኛው የዱላ ወገን ነው። አንድ የማውቀው ገበሬ፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ስለ ጮኸበት ውሻውን እስኪያነክስ ደበደበው። በአራተኛው ሌሊት ጅብ ከጋጣው ፍየል ሲወስድ ውሻው ከግድግዳው ሥር ተኮራምቶ ዝም ብሎ ያይ ነበር። ሰውየው ጠዋት ተነሥቶ «የማይረባ ውሻ!» አለ። ውሻው ግን የታዘዘውን በሚገባ ፈጽሟል! ሦስቱንም ሌሊት ምን አይቶ እንደ ጮኸ ወጥቶ ለማየት ጌታው አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

ነቢዩ ኢሳይያስ በ56ኛው ምዕራፍ የሰነፉትን ጠባቂዎች መጮኽ ከማይችሉ ውሾች ጋር ያመሳስላቸዋል። በእስልምናም ለከብትና ለአዝመራ ጥበቃ ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ የሱረቱል ካህፍም ውሻ የፊት እግሮቹን በዋሻው ደጃፍ ዘርግቶ እናገኘዋለን። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን በሚኖሩባት ወሎ ሁለቱም አማኞች ለውሻ የሰጡት ቦታ ያው ደጃፍ ነው። የደጃፍ ሥራ ደግሞ ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚለውን መለየት ነው። ይህን መለየት ያላስተማሩት በረኛ ባያውቅ ሊፈረድበት አይገባም።

ውሻ ሁሉን በአንድ ድምፅ ይጮኻል የሚል ካለ ከእረኛ ጋር አንድ ሌሊት ማማ ላይ ይደር። ማሽላው አፍርቶ በሚጠበቅበት በጥቅምትና በኅዳር እረኛው ከማማው ሳይወርድ «ይሄ ለጃርት ነው፤ ይሄ ለሰው ነው» እያለ ይነግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የቡዳፔስት ተመራማሪዎች ሙዲ የተባሉትን የሃንጋሪ እረኛ ውሾች ጩኸት ቀርጸው ለሰዎች ሲያሰሙ፣ ውሻ አሳድገው የማያውቁት ሳይቀሩ ጩኸቱ በምን ምክንያት እንደ ወጣ በአጋጣሚ ከሚገኘው ግምት በላይ መለየት ችለዋል። እንግዲህ ውሻው የሚለየውን እኛም መለየት ከቻልን ያልተጀመረው ንግግሩ ብቻ ነው። (ግራና-1ን የመሰለ ማሽላ ያወጣ የግብርና ምርምር ማዕከል በቀበሌያችን አለ። ማሽላው በምርምር ይበቅላል፤ ጠባቂው በዱላ ያድጋል።)

ንግግሩስ እንዴት ነው? መከታ የተባለውን ውሻዬን ያሳደግሁበትን ልንገራችሁ፤ ምሥጢር የለበትም። ሲጮኽ እወጣለሁ። ወዴት እንደሚያይ አያለሁ። ከጋጣው ወይም ከማሽላው በኩል ከሆነ «ጎሽ!» እለዋለሁ፤ እስከምደርስም አላስቆመውም። ባጃጅ ወይም ጎረቤት ከሆነ ድምፄን ሳላነሣ አንድ ጊዜ «በቃ» እላለሁ። መጮኽ ፈጽሞ የለብኝም፤ ለቡችላ የጌታው ጩኸት ቁጣ ሳይሆን የእርሱ ጩኸት ተቀባይ ሆኖ ይሰማዋልና። ቁራሽ እንጀራ ወደ አፍንጫው አስጠጋለሁ። ለማሽተት ዝም ይላል። በዚያች የዝምታ ቅጽበት ቁራሹን ይበላል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ቢል በቂዬ ነበር፤ ቀጥሎ እስከ አምስት፣ ከዚያም እስከ አሥር ቆጠርሁ። ከሁሉ የሚከብደው ሌሊት ነው፤ አንዱ ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ ይቀበለዋል፤ ለዚያ ዝማሬ ደግሞ አንድም ቀን «ጎሽ» ብዬው አላውቅም።

አጥር የሚለየን አንድ አዛውንት ይህን ሲያዩ ሰነበቱና «አንተ ልጅ፣ ውሻ እያሳደግህ ነው ወይስ የቄስ ትምህርት ቤት ከፈትህ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ፊደል የሌለው ትምህርት ቤት ነው» አልኋቸው።

«ታዲያ ሌባውን በምን ሊያስፈራው ነው?»

ይህ የሁሉም ጥያቄ ነው። ሌባ የሚፈራው የነቃ ባለቤትን ነው፤ ባለቤቱን የሚያነቃው ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰማ ጩኸት ነው። የመከታን ድምፅ በሌሊት ስሰማ ሳላመነታ የምነሣው በከንቱ ስለማያስነሣኝ ነው። «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚሉኝም አሉ። ለእነዚህ መልሴ አጭር ነው፤ ከእንጀራ ቁራሽ ይልቅ ሰንሰለት ነው በገንዘብ የሚገዛው።

ቅንጦት ላለመሆኑ ደግሞ ሌላ ምስክር አለኝ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ፣ በጨለማ ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን አቅፎ የተቀመጠ ሰው የገዛ ውሻው ዝም እንዲልለት ምን ያህል እንደ ተመኘ ያየነው እናውቀዋለን። በዚያች ሰዓት «በቃ»ን ማስተማር አይቻልም፤ አስቀድሞ የተማረ ውሻ ያለው ብቻ ይጠቀምበታል። ከዚያ ወዲህም የነጎድጓድ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ሲጮኹ የሚያድሩ ውሾች አሉ፤ እነርሱን በዱላ የሚመታ ሰው ምን እንደሚያስብ አይገባኝም።

እንግዳ ተቀባይ ነን እንላለን። ቡና አፍልተን ጎረቤት እንጠራለን። የተጠራችው ሴት ግን ድንጋይ ጨብጣ ከአጥር ውጭ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» እያለች ትቆማለች። ከተነከሰችም ነገሩ በሽምግልና ብቻ የሚያልቅ እንዳይመስላችሁ፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊው ባለቤቱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታም አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ከዚህ በሽታ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በሽታው የያዘው ውሻ ብዙ ጊዜ ድምፁ ይለወጣል፤ ይሻክራል። ቀን ከሌት የሚጮኽ ውሻ ያለው ሰው ግን ይህን ለውጥ በየትኛው ጆሮው ይለየዋል?

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ በታች ባለው ቤት ጥቁር ቡችላ መጥቷል፤ ዘጠኝ ሳምንቱ ነው። ትናንት ልጆቹ «ያዘው!» እያሉ በዶሮ ላይ ሲለቁት ነበር። አባታቸው ቅዳሜ ከመርሳ ገበያ ሰንሰለት ይዞ እንደሚመለስ ነግሮኛል። ቅዳሜ ደግሞ ነገ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁራሽ እንጀራ ይዤ ወደዚያ ቤት እወርዳለሁ።