እግሩ ያበጠ ወንድማችን ለምን ከሶፍ ቀረ?



ከጁሙዓ የሚቀር ሰው ሁሉ ሰነፍ አይደለም። መስጊድ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። እግሩ ያበጠና ቆዳው የተሰነጣጠቀ ሰው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሸፍኖ የከረመውን ሕመም በዚያ ደጃፍ ላይ በሰው ፊት ሊገልጥ ነው። አንዳንዱ ይህን ከሚያይ ቤቱ ቢሰግድ ይመርጣል። የምንነጋገረው ሕዝባችን በጥቅሉ «ዝሆኔ» ስለሚለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ስለሚጠሩት የእግር እብጠት ነው።

ከየት ይመጣል?

ከአፈር ነው። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ሲረግጥ ጥቃቅን ቅንጣቶች በቆዳው በኩል ገብተው በእግር ውስጥ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ሥሮች ይጎዳሉ። ይህን ያሳየው በአገራችን ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ ገበሬ በሬ ጠምዶ ሲያርስ፣ በርበሬ ሲኮተኩት የሚውለው በቀይ አፈር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም የተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከመቶ ሰው ከሦስት በላይ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ትንኝ ከሚያስተላልፈው ሌላው የዝሆኔ ዓይነትም የተለየ ነው። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ በመስገድ አይጋባም። እርግማንም አይደለም።

«ዘራቸው ነው» የሚለው ወሬ

ጋብቻ ሲታሰብ የቤተሰቡ እግር ይጠየቃል። ልጂቱ ጤነኛ ሆና ሳለ በአባቷ እግር ምክንያት ኒካሕ የሚፈርስባት አለች። እርግጥ ነው፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ማለት ግን በሽታው ራሱ በደም ይወረሳል ማለት አይደለም። አፈሩ ካልነካው የተጋለጠውም ሰው አይታመምም፤ ከልጅነቱ ጫማ የተደረገለት የሕመምተኛ ልጅ እግሩ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ በወላይታ የተሠራ ጥናት ሰዎች ለዘር ምርምር ፈቃድ ሲጠየቁ መገለልን መፍራታቸው ውሳኔያቸውን ይነካ እንደነበር ገልጿል። ሕክምናን ራሱን የሚያስፈራ ወሬ ስንት ሰው እንደሚጎዳ አስቡት።

ምጽዋት ነው ወይስ መብት?

«ይህ በሽታ አይገድልም፤ መንግሥት ወባና የወላድ እናቶች ሞት ይቀድሙበታል» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ቀላል አይደለም፤ የጤና በጀታችን ጠባብ ነው። ነገር ግን ሕመምን በሞት ብቻ የሚቆጥር ፖሊሲ በሕይወት እያለ የተቀበረውን ሰው አያየውም። እግሩ በየጊዜው እየተቆጣ ትኩሳት የሚጥለው ገበሬ በእርሻ ወቅት ከተኛ ቤተሰቡ ምን ይበላል? እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ በወላይታ የተደረገ ጥናት ሕመምተኞች ከዓመቱ የሥራ ቀን 45 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያጡ ገምቷል።

መፍትሔው ደግሞ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ እንደ ሁኔታው በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ፣ ካልሲና የሚሸፍን ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህን የመሰለ እንክብካቤ ትኩሳትና ሕመም የሚያስከትለውን መቆጣት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ2011 ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መድቦታል፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2013 በብሔራዊ ዕቅዷ አካትታዋለች። ስለዚህ የጎደለው እውቀት አይደለም።

በእኔ እምነት ይህ እንክብካቤ በጎ አድራጊ ሲመጣ የሚሰጥ፣ ሲሄድ የሚቋረጥ መሆን የለበትም። አንድ ጊዜ የታደለ ጫማ በማሳ ላይ ያልቃል፤ ያበጠ እግር ደግሞ ገበያ ላይ ያለው ጫማ አይገባለትም፣ በልኩ መሠራት አለበት። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ሕክምና በየጤና ጣቢያው ሊገኝ ይገባል። ሕመምተኛው ተመጽዋች ሳይሆን ታካሚ ነው።

የእኛስ ድርሻ?

ሶሐቦች የዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድን ቀጭን ባት አይተው በሳቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነዚያ እግሮች በቂያማ ቀን ሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነግረዋቸዋል። እኛ በሰው እግር የምንፈርደው በምን ሥልጣናችን ነው?

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ወደ ማሳም ሆነ ወደ ከብት ጥበቃ ሲሄዱ ጫማ ያድርጉ፤ ማታ እግራቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ለዉዱእ እግራችሁን ስታጥቡ በጣቶች መካከል ያለውን አትርሱ፤ በንጹሕ ጨርቅም አድርቁ። የመስጊድ ኮሚቴዎች ሆይ! የዉዱእ ቦታው ላይ ሳሙና ይኑር፤ ከሰደቃው ጥቂቱ ለጫማ ይዋል፤ ኢማሞቻችን ሕመሙ እንደማይጋባ በኹጥባቸው ይናገሩ። ያ ወንድማችን ሲመጣም ወደ እግሩ አትመልከቱ። ሶፉ ውስጥ ቦታ ልቀቁለት፤ ትከሻችሁንም ከትከሻው አግጥሙ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።