የጨዋታ ሰይፍ በጅቡቲ ወደብ፦ ከዋጋው በላይ የሚያስከፍለው ፕላስቲክ

ጅቡቲ ከተማ — በጅቡቲ ብሔራዊ አርማ ላይ ሁለት እጆች ሰይፍ መሰል ስለት ጨብጠው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ጦርና ጋሻ ቆሟል። አገሪቱ እ.አ.አ. በ1977 ነጻነቷን ስትቀዳጅ ያጸደቀችው ይህ አርማ የአፋርንና የኢሳን ሕዝቦች እንደሚወክል ይነገራል። በአፋሮች ዘንድ በወገብ የሚታጠቀው ቆልማማ ጩቤ፣ ጊሌ፣ እስከ ዛሬም የክብር መለያ ነው።

ከቻይና ፋብሪካዎች የሚወጣው ሌላ ዓይነት ሰይፍ ግን ስለትም ክብደትም የለውም። በእጅ እንቅስቃሴ በሚሠሩ የቪዲዮ ጌም መቆጣጠሪያዎች፣ በተለምዶ ጆይስቲክ በምንላቸው፣ ላይ የሚሰካ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ለአንድ ልጅ የደስታ ምንጭ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ሸቀጧን ሁሉ ከሞላ ጎደል ከውጭ ለምታስገባው ጅቡቲና የወጪና ገቢ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ በዚሁ ወደብ ያልፋል ለሚባልላት ኢትዮጵያ፣ ይህ ትንሽ ዕቃ ስለ ሸቀጥ ዕድሜ ትልቅ ጥያቄ ያነሣል።

ሰይፉ ምን ይሠራል?

የዚህ ዓይነት ተቀጥላ በስፋት የተሰራጨው የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.አ.አ. በ2006 ዊ የተሰኘውን ማሽን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ማሽኑ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የዊ መቆጣጠሪያ በውስጡ የእንቅስቃሴን የፍጥነት ለውጥ በሦስት አቅጣጫ የሚለካ ጥቃቅን መሣሪያ ይዟል። በ2009 ደግሞ የመዞር ፍጥነትን የሚለካ ሞሽን ፕላስ የተባለ ተጨማሪ ክፍል ወጣለት። በ2011 የቀረበው የዜልዳ ጨዋታ፣ ስካይዋርድ ሶርድ፣ ተጫዋቹ እጁን የሚሰነዝርበትን አቅጣጫ ለይቶ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሰይፍ የሚያንቀሳቅሰው በዚህ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ የሚለካው እጀታው እንጂ ጫፉ አይደለም። ከእጀታው በላይ የሚረዝመው ፕላስቲክ ወደ ማሽኑ የሚልከው አንዳችም መልእክት የለም፤ ጨዋታውንም ይበልጥ ትክክለኛ አያደርገውም። የሚጨምረው የመጨበጥ ስሜትን ነው። ከዚያ ጋር በእጅ አንጓ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጨምራል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥም ቴሌቪዥኑን ወይም አጠገብ የተቀመጠን ታናሽ ወንድም የመምታት ዕድሉን ያሰፋል። ያለ ተቀጥላም ቢሆን አደጋው ታይቷል። ማሽኑ በወጣ በሳምንታት ውስጥ መቆጣጠሪያዎች ከተጫዋቾች እጅ እያመለጡ በመወርወራቸው፣ ኒንቴንዶ 3.2 ሚሊዮን ገደማ የእጅ ማሰሪያዎችን በወፍራም ለመተካት ተገዶ ነበር።

ጉምሩክ ምን ብሎ ይመዘግበዋል?

ዓለም አቀፉ የጉምሩክ የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት ለእውነተኛ ሰይፍ 9307 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። መጫወቻዎች በ9503፣ የቪዲዮ ጌም ማሽኖች ደግሞ በ9504.50 ይመደባሉ። ሥርዓቱ መጫወቻ የሆኑትን ከጦር መሣሪያ ምዕራፍ ያወጣቸዋል። በዋነኝነት ለአንድ የመጫወቻ ዕቃ ተብለው የተሠሩ ተቀጥላዎችም ከዚያው ዕቃ ጋር እንዲመደቡ ያዝዛል። ስለዚህ የፕላስቲኩ ሰይፍ በመዝገብ ላይ ሰይፍ አይደለም፤ የማሽኑ ጓዝ ነው።

አመዳደቡ ለቀረጥ ሥራ ይበቃል። የሚጠይቀው ግን «ይህ ዕቃ ምንድን ነው?» ብሎ ብቻ ነው፤ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አይጠይቅም። ለአሥር ዓመት የሚሠራ ማሽንና ለአንድ ክረምት የሚቆይ ተቀጥላ በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ።

ኢትዮጵያ በጥቅምት 2022 በዕቃ ዓይነት ለይታ እርምጃ ወስዳ ነበር። ቅንጦት ወይም አንገብጋቢ ያልሆኑ ለተባሉ 38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በሐምሌ 2024 በተደረገው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ነው። እንዲህ ያለው ክልከላ በምድብ ስም ስለሚሠራ፣ በአንድ ምድብ ውስጥ ያለውን ዘላቂና አላፊ ዕቃ ለመለየት አይችልም። ከተነሣ በኋላ ደግሞ ውሳኔው በአስመጪውና በገዢው እጅ ገብቷል።

የአየር ኪራይ

ለመርከብ ጭነት ቀላል መሆን ሁልጊዜ ርካሽ መሆን ማለት አይደለም። የበርካታ ነጋዴዎች ዕቃ በአንድ ኮንቴይነር ተጣምሮ ሲጫን፣ ክፍያው በተለምዶ ከክብደቱና ከያዘው ቦታ በሚበልጠው ይሰላል፤ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ እንደ አንድ ቶን ይቆጠራል። ረጅምና ባዶ ፕላስቲክ እንግዲህ ኪራይ የሚከፍለው በውስጡ ለያዘው አየር ጭምር ነው። ዕቃው ዶራሌ ላይ ከተራገፈ በኋላም ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወስደው ጉዞ አለ። ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ የሁቲ ታጣቂዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በንግድ መርከቦች ላይ ባደረሱት ጥቃት የጭነትና የመድን ዋጋ ሲንር፣ እንዲህ ያለው ሒሳብ ይበልጥ ከብዷል።

በጅቡቲ ከተማ ጉዳዩ በሌላ መልኩ ይታያል። የአገሪቱ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ምጣኔ የተሳሰረ በመሆኑ ምንዛሪ እንደ አዲስ አበባ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው መጨረሻው ነው። በመርከብ የመጣው ፕላስቲክ አገልግሎቱን ሲጨርስ በመጣበት መንገድ አይመለስም፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው በዱዳ የቆሻሻ ማስወገጃ ይቀራል። በአዲስ አበባም ዕጣው ከዚህ የተለየ አይደለም።

እጀታው ሲለወጥ

የዚህ ዕቃ ዋና ድክመት የተሠራበት ፕላስቲክ ጥንካሬ ማነስ አይደለም። ሰይፉ ሳይሰበር ከጥቅም ውጭ መሆኑ ነው። ለዊ የተሠራው፣ በ2017 ለወጣው ለኒንቴንዶ ስዊች ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች አልሆነም። ስካይዋርድ ሶርድ በ2021 ለስዊች እንደገና ሲቀርብ ተጫዋቹ በአዲሶቹ መቆጣጠሪያዎች እንዲጫወት ሆነ፤ የቀድሞው ተቀጥላ አብሮ አልተሻገረም። በሰኔ 2025 የወጣው ስዊች 2 ደግሞ ከቀድሞዎቹ ተለቅ ያሉና በማግኔት የሚጣበቁ መቆጣጠሪያዎችን ይዞ መጥቷል። ለቀደሙት መቆጣጠሪያዎች በልክ የተሠራ ሽፋን ሁሉ ለእነዚህ አይገጥምም።

በአምራች አገሮች ያለ ገዢ ያረጀውን በቀላሉ ይሸጣል ወይም ይለውጣል። በእኛ አካባቢ ግን ማሽኑ ራሱ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ፣ አንዳንዴም በሰው እጅ አገልግሎ ይደርሳል። ዘግይቶ ለሚገዛ ሰው ተቀጥላው የሚያገለግለው ጊዜ ከመጀመሪያውም አጭር ነው።

ይህ ማለት ልጆች አይጫወቱ ማለት አይደለም። በጉግስ ጨዋታ ዱላ ጦር ሆኖ ሲወረወር የኖረበት አገር ሰው፣ የማስመሰል ደስታ ምን እንደሆነ አያጣውም። ልዩነቱ ዱላው ዛሬም ነገም ዱላ ሆኖ መቆየቱ ነው። ለአስመጪ፣ ኮንቴይነሩን ከአንድ ማሽን ጋር አብሮ በሚያረጅ ጓዝ ከመሙላት ይልቅ የሚበላሹትን ባትሪዎችና የመለዋወጫ ክፍሎች ማስቀደም የተሻለ ስሌት ነው፤ እነዚህ ያለውን ማሽን ያቆዩታልና። ለወላጅ ደግሞ ከመግዛት በፊት መቅረብ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰይፍ ከሌለ ጨዋታው ይቆማል? መልሱ በሁሉም ማሽኖች ላይ «አይቆምም» ነው።