ለቀብር እንደምንደርስ ለሕመምም እንድረስ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው የወር መዋጮ ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ጥሪና መርዶ ነው። ዛሬ ግን አንድ ሐሳብ ይዤ ቀርቤአለሁ። ሐሳቡ የራሴ ነው እንጂ የኮሚቴው ውሳኔ አይደለም። ነገር ግን በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለውይይት ስለሚቀርብ፣ አባላት አስቀድማችሁ አስባችሁበት እንድትመጡ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ያደጉ ልጆቻችን በጠና ሲታመሙና "እዚህ አይሆንም፣ ውጭ አገር ውሰዱት" ሲባል ስለሚደርስብን ጭንቅ ነው።

ሁላችንም አይተነዋል። ልጁ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ገና እናቱን መጦር ሲጀምር እግሩ ማበጥ ይጀምራል፤ ምግብ አልበላ ይለዋል። ሐኪም ቤት ሲሄድ ሁለቱም ኩላሊቶችህ ሥራ አቁመዋል ይባላል። ከዚያ እጥበት ይጀመራል። እጥበት ማለት በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ከመኪናው ጋር ታስሮ መዋል ነው። ሥራው ይቀራል፤ ጥሪቱ ያልቃል። ከዚያ አንዱ ዘመድ "ሕንድ ውሰዱት" ይላል፤ ሌላው "ባንኮክ ይሻላል" ይላል። የልጁ ፎቶ ከባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር ይታተማል። ጓደኞቹ ሚኒባስ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው አደባባይ ይወጣሉ። በቤተ ክርስቲያን ደጅና በመስጊድ በር ይለመንለታል። አባትየው የቤቱን ካርታ ይዞ ደላላ ይፈልጋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እድሩ የት ነው? እድሩ ድንኳኑን ጠቅልሎ፣ ወንበሩን ቆልፎ ይጠብቃል። ይሄን ስናገር የሚከፋው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ግን እውነት ነው። መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ደንቡን አውቀዋለሁ። በደንባችን የአባል ልጅ ቢሞት፣ ዕድሜው 5 ይሁን 35፣ ለወላጅ ይከፈላል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጡሩምባ ይነፋል። ልጁ በሕይወት ሳለ ለመታከሚያ የሚል ግን አንድ አንቀጽ የለም። ሲሞት "የእገሌ ልጅ ነው" እንላለን፤ ሲታመም "እሱማ አዋቂ ነው፣ ራሱን የቻለ ነው" እንላለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ?

የጤና መድኑም ቢሆን ለዚህ አይደርስም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መታወቂያ ያለን ብዙዎች ነን፤ ጥሩ ነገር ነው፤ ማንም ሰው ሳያድስ እንዳይቀር። ነገር ግን የውጭ አገር ሕክምናን አይሸፍንም። ደግሞም ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በአባቱ መታወቂያ ዝም ብሎ አይገባም፤ ተጨማሪ ይከፈልበታል፤ ወይም ራሱ አባል መሆን አለበት። ብዙ ወላጅ ይሄን የሚያውቀው ልጁን ተሸክሞ ሐኪም ቤት መስኮት ላይ ሲደርስ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ እናዋጣ ከማለቴ በፊት፣ ስለ ውጭ አገር ሕክምና ማወቅ የሚገባንን ላስቀድም። ገንዘብ ያለ ዕውቀት ቢሰጥ ደላላ ነው የሚበላው።

አንደኛ፤ "እዚህ አይሆንም" የሚለው ቃል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ድሮ የልብ ኦፕራሲዮን ያስፈለገው ልጅ ዕድል ቀንቶት ውጭ ካልሄደ ተስፋ አልነበረውም። በ2001 ዓ.ም. ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፍቶ፣ ልብ እዚሁ አገራችን ይታከም ጀመር። የኩላሊት ንቅለ ተከላም በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ወረፋ የለም፣ ሁሉም በሽታ እዚህ ይድናል ማለቴ አይደለም። የውጭ ሐኪም ቤት የግድ የሚሆንበት ሕመም አለ። ነገር ግን መልሱ መምጣት ያለበት ከጎረቤት ወይም ከአስላኪ ደላላ ሳይሆን፣ በሙያው ከሠለጠነ ሐኪም ነው። የሐኪሞች ቦርድ ተቀምጦ "ይህ ሕክምና በአገር ውስጥ አይገኝም" ብሎ የፈረመበት ወረቀት ትልቅ ነገር ነው። ባንክም የውጭ ምንዛሪ ለሕክምና ሲጠየቅ ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ፎቶ ከመታተሙ በፊት ወረቀቱ ይቅደም።

ሁለተኛ፤ ገንዘቡ በብር ይሰበሰባል እንጂ የሚከፈለው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እስቲ አስቡት። ለ10,000 ዶላር ሕክምና 570,000 ብር ሰብስቦ "ሞላልን" ያለ ቤተሰብ፣ በወሩ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ተጠየቀ ማለት ነው። ልጁ ግን በዚያው ወር አልዳነም። ስለሆነም ሰብስቦ እስኪሞላ መጠበቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ቶሎ መመርመር፣ ቶሎ ማወቅ፣ ቶሎ መወሰን ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ኩላሊት ከገበያ አይገዛም። ሕንድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ባወጣችው ሕግ የሰው አካል መሸጥና መግዛት ወንጀል ነው። ከውጭ የሚሄድ ታማሚ ኩላሊት የሚሰጠውን የቅርብ ዘመዱን ይዞ ይሄዳል፤ ዝምድናውም በማስረጃ ተረጋግጦ፣ ኮሚቴ አይቶ ነው የሚፈቀደው። የልደት ወረቀት፣ የዝምድና ማስረጃ፣ የኤምባሲ ማረጋገጫ ሳይሟላ የሄደ ቤተሰብ እዚያ ደርሶ የሆቴል ኪራይ እየቆጠረ ይቀመጣል። "ኩላሊት ሰጪ እዚያ አዘጋጅተናል" የሚል ደላላ ከመጣ፣ ልጃችሁን ወደ ወንጀል እየወሰደው መሆኑን እወቁ።

አራተኛ፤ ኦፕራሲዮኑ መጨረሻ አይደለም። ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይጥለው የሚከላከል መድኃኒት አለ። ታማሚው ይህን መድኃኒት ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ በየቀኑ ይወስዳል፤ ክትትልም አይቀርም። ቤቱን ሸጦ ለትኬትና ለኦፕራሲዮን የጨረሰ ቤተሰብ፣ ሲመለስ የመድኃኒቱንም የቤት ኪራዩንም ከየት ያመጣል? ታናናሾቹስ የት ያድራሉ? ለዚህ ነው ቤት ከመሸጥ በፊት ቁጭ ብሎ፣ የመሄጃውንም የመመለሻውንም፣ ከተመለሱ በኋላ ያለውንም ዓመት አስልቶ መነጋገር የሚያስፈልገው።

አምስተኛው ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ታማሚው ያደገ ሰው መሆኑን አንርሳ። የእኛ አገር ልማድ ክፉውን ነገር ከታማሚ መደበቅ ነው። ሐኪሙ ለአጎት ይነግራል፤ አጎት ለአባት ያንሾካሹካል፤ ልጁ ብቻ "ትድናለህ" እየተባለ ይቀመጣል። የ30 ዓመት ሰው ግን ፊታችንን አይቶ ያውቃል። መሄድ መፈለጉን፣ ቤቱ እንዲሸጥለት መፍቀዱን፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ መውደዱን ማንም አይጠይቀውም። አንዳንዱ ልጅ "እናቴን ሜዳ ላይ ጥዬ አልድንም" ይላል። አንዳንዱ ደግሞ "እስከ መጨረሻው ልሞክር" ይላል። ሁለቱም መደመጥ አለባቸው። ኩላሊት ስጡ የሚባሉት እኅትና ወንድምም እንዲሁ ናቸው፤ በልቅሶና በእርግማን ሳይሆን፣ ሐኪም አስረድቷቸው ወደው ሊወስኑ ይገባል። እናት እሰጣለሁ ማለቷ አይቀርም፤ እናት ናትና። ሐኪም ግን ዕድሜዋንና ጤናዋን አይቶ አይሆንም ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛ እንደሆነች ማንም እንዳይቆጥራት።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ የማቀርበው ይህን ነው።

1ኛ/ ከቀብሩ ገንዘብ የተለየ የሕሙማን መርጃ ሣጥን ይቋቋም። ለምሳሌ 200 አባል ያለው እድር በወር 30 ብር ቢጨምር በወር 6,000 ብር፣ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ሕንድ አያደርስም፤ እናንተም እኔም እናውቃለን። ነገር ግን ለምርመራ፣ ለመመላለሻ፣ ለማስረጃ ማስጨረሻ ይበቃል። ቤተሰቡ በመጀመሪያው ወር ደንግጦ በአራጣ እንዳይበደር ያደርጋል።

2ኛ/ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ የሚሰጠው ያለ ወለድ ብድር ይሁን፤ በ2 ዓመት ይመለስ። ታማሚው ቢሞት ግን ብድሩ ይሰረዝ። ሐዘንተኛን ዕዳ ብለን በር አንኳኩተን አንጠይቅም።

3ኛ/ ወረቀት የሚያዩ 3 ሰዎች ይመረጡ። በሰፈራችን ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያዎች አሉ፤ እነሱ ቢገቡበት መልካም ነው። ሥራቸው ማን ይዳን ማን ይቅር ብሎ መፍረድ አይደለም። የሐኪሙን ወረቀት አንብቦ ለቤተሰቡ ማስረዳት፣ የት መሄድ እንዳለበት መምራትና ገንዘቡ በእጅ ሳይሆን በቀጥታ ለሐኪም ቤቱ እንዲከፈል ማድረግ ነው። የልመና ሒሳብ የሚከፈት ከሆነም ገቢና ወጪው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሐሰተኛ ወረቀት ይዞ የሚለምን ስለበዛ፣ የእውነተኛው ታማሚ ስም በጥርጣሬ እንዳይጎድፍ ነው።

4ኛ/ ገንዘብ የማይጠይቅ እርዳታ በተራ ይመደብ። ለለቅሶ ሦስት ቀን ስንቀመጥ ማንም አይታክተውም። ታማሚውን ወደ እጥበት የሚያደርስ፣ ያቺን 4 ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ፣ አስታማሚዋ እናት አንድ ቀን እንድትተኛ ቤት የሚጠብቅ ሰው ለምን ይጠፋል? ቤተሰቡ ውጭ ከሄደስ የቀሩትን ልጆች ማን ያበላል? ይህንን ለማድረግ መዋጮ አያስፈልግም፤ ስም ዝርዝርና ቀን ብቻ ነው።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን "የእድር ገንዘብ የሬሳ ገንዘብ ነው፤ ለሕያው ከተነካ ሬሳ መንገድ ላይ ይቀራል" ይላሉ። አባባላቸውን አከብራለሁ፤ እድሩን ያቆሙት እነሱ ናቸው። ሣጥኑ የተለየ ይሁን ያልኩትም ስለዚሁ ነው። ሌላው ደግሞ "በሩ ከተከፈተ ራስ ምታት ያመመው ሁሉ ይመጣል" ይላል። ለዚያም ወረቀት አለ፤ ጣሪያ አለ፤ የሚያየው ሰው አለ። ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም። ኤድስ ሰፈር ለሰፈር በገባበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች፣ ቀብሩ ሲበዛባቸው፣ የታመመ ቤቱ ድረስ ሄዶ ማስታመምና ወላጅ ያጡትን ማሳደግ ጀምረው ነበር። እነሱ የቻሉትን እኛ ለምን ያቅተናል?

በመጨረሻም ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ብዙው መከራ ከመምጣቱ በፊት ሊያዝ የሚችል ነው። ኩላሊት ከሚያበላሹት ዋነኞቹ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው፤ ሁለቱም ሳያሳምሙ ውስጥ ውስጡን ይሠራሉ። ያደጉት ልጆቻችን "እኔ ወጣት ነኝ" ብለው ግፊታቸውን አይለኩም። ሂዱና ተለኩ በሏቸው፤ ጤና ጣቢያ ቅርብ ነው። ትንንሾቹ ጉሮሯቸውን ሲታመሙና ሲያተኩሳቸው "ቶንሲል ነው፣ ይለቀዋል" ብላችሁ አትተዉ። ሳይታከም የሚደጋገም የጉሮሮ ሕመም በኋላ የልብን በር ሊያበላሽ ይችላል፤ በሽታው የጀመረውን ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን ይጠብቀዋል። ርካሽ መርፌ ነው፤ የተዘለለ እንደሆነ ግን ውጭ አገር ሊያስልክ ይችላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በዚህ ሰፈር ውስጥ ዛሬ በሩን ዘግቶ፣ ማንም እንዳይሰማ ልጁን የሚያስታምም አባል ካለ፣ አይፈር። ይንገረን። ያለን ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም ቢሆን ልጁ እያለ ይሻላል።

በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ሁላችሁም ተገኙ። የሚደግፍም የሚቃወምም ይምጣ። የቀረ ሰው በኋላ "አልሰማሁም" እንዳይል።



የእድሩ ጸሐፊ