ከወሬ ወደ ሰነድ፤ የንባብ ልማድና የመንግሥት አገልግሎት በይፋት ቆላ

በቀድሞው ዘመን የመንግሥት ትእዛዝ ለሕዝብ የሚደርሰው ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያና በአደባባይ በሚነገር አዋጅ ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ እየታተመ መውጣት በመጀመሩ፣ ይሰማ የነበረው አዋጅ የሚነበብ ሰነድ ሆኗል። በአሁኑ ወቅት ደግሞ የአዲስ ሕግ ዜና አስቀድሞ የሚደርሰው በቴሌግራምና በፌስቡክ በሚዘዋወር የሁለትና የሦስት መስመር ጽሑፍ ነው። ይህ ፍጥነት ጠቃሚ መሆኑ ባይካድም፣ የመንግሥትን ሥራ ከሰነድ ወደ ወሬ እንዳይመልሰው ሊጤን ይገባል።

ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሕግ ከአርሶ አደሩ ጋር በሚገናኝባቸው የወረዳና የከተማ ጽሕፈት ቤቶች ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርተው አርሶ አደር ወደ መንግሥት ቢሮ ይዞ ከሚመጣቸው ጥያቄዎች መካከል የመሬት ይዞታና የብድር ጉዳይ ይገኙበታል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 መተካቱ ይታወቃል። አዲሱ አዋጅ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። በአማራ ክልልም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይህንኑ መብት ቀደም ብሎ ደንግጓል። ነገሩን በስልኩ ላይ ብቻ የተመለከተ ሠራተኛ «መሬት በዋስትና ይያዛል» የሚለውን አጭር ዓረፍተ ነገር ይይዛል። አዋጁን ያነበበው ግን በዋስትና የሚያዘው የመጠቀም መብቱ እንጂ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ የሆነው መሬት ራሱ አለመሆኑን ለይቶ ያስረዳል። የቆየውን ሕግ ብቻ የሚያስታውስ ባለሙያ በበኩሉ ሕግ የፈቀደውን ሊከለክል ይችላል። በሦስቱም መልሶች የሚጠቀመውም ሆነ የሚጎዳው ባለጉዳዩ ነው።

የንባብ ልማድ መዳከም የግለሰብ ስንፍና ውጤት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ምሁር ግሎሪያ ማርክ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ሰዎች በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ሳያቋርጡ በአንድ ነገር የሚያተኩሩበት አማካይ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2004 ከነበረበት ሁለት ደቂቃ ተኩል በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ዝቅ ብሏል። ብዙ አንቀጾች ያሉት አዋጅ በእንዲህ ዓይነት ያዝ ለቀቅ ንባብ ሊጨበጥ አይችልም።

ይሁንና ቴክኖሎጂን በጅምላ መኮነን መፍትሔ አይሆንም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ መሣሪያው መጽሐፉን ለብዙዎች ማድረሱ የሚዘነጋ አይደለም። ስልክም አዋጆችን በሙሉ ይዞ ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ ሲታወስ፣ የነጋሪት ጋዜጣና የክልሉ ዝክረ ሕግ የታተሙ ቅጂዎች በየጽሕፈት ቤቱ መኖራቸው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ መገንዘብ ይቻላል።

ልማድ የሚገነባው በመደጋገም ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 በጎ ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ አንድ አዲስ ተግባር ልማድ ለመሆን በተለምዶ 66 ቀናት እንደሚወስድ፣ እንደየሰዉም ከ18 እስከ 254 ቀናት እንደሚለያይ ገልጸዋል። ጥናቱ ያተኮረው በአመጋገብ፣ በመጠጥና በአካል እንቅስቃሴ ላይ ቢሆንም፣ በተወሰነ ሰዓትና ቦታ መደጋገም ወሳኝ መሆኑን፣ አንድ ቀን መዝለልም ጅምሩን እንደማያፈርስ ማሳየቱ ለንባብም ትምህርት የሚሰጥ ነው።

በዚህ መሠረት እንደ ይፋት ባለ ቆላማ አካባቢ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ባለጉዳይም ሳይገባ በማለዳ 20 ደቂቃ ስልክን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ማንበብ ይቻላል። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ያነበበውን አንድ አንቀጽ ለባልደረቦቹ ቢያስረዳ የግል ልማዱ የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ይሆናል። የመጽሐፍ ዋጋ መወደዱና የሥራ ጫናው እውነተኛ ችግሮች በመሆናቸው፣ ንባቡን በቢሮው መደርደሪያ ካሉት አዋጆች፣ ደንቦችና መመሪያዎች መጀመር ይመረጣል። ጊዜውን መፍቀድና ቅጂዎቹን ማሟላት ደግሞ የኃላፊዎች ድርሻ ነው።

አገሪቱ በ1971 ዓ.ም. በጀመረችው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዜጎች ፊደል እንዲቆጥሩ ማድረጓና ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ መሸለሟ ይታወሳል። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለንባብ የተሰጠውን ትኩረት ያመለክታል። የንባብ ልማድ ግን በየወረዳው ትልቅ ሕንፃ እስኪሠራ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ የመጣ አርሶ አደር ትክክለኛውን መልስ ይዞ መመለሱ የሚወሰነው፣ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሠራተኛ በዚያ ሳምንት ባነበበው ወይም ሳያነብ ባለፈው አንድ አንቀጽ ሊሆን ይችላልና።