ለአዚትሮማይሲን፤ የዘገየ ምስጋና

ውድ አዚትሮማይሲን፤

የአማራ ክልል ገበሬ ዓይንን ለሚያጠቃው ትራኮማ በየቀበሌው ተሰልፎ ሲውጥህ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋቂው አራት ክኒን፣ ልጁ በቁመት ዘንግ ተለክቶ ሽሮፕ። እ.ኤ.አ. በ2015 በክልሉ የታደልከው 100 ሚሊዮን ጊዜ ሞላ። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚባለው ግን ለጤና ባለሙያዋ ነው፤ ላንተ ማንም አላለም።

ከአያቴ ልጀምር። ወረንጦዋ ከአንገቷ ማተብ አይለይም ነበር። ትራኮማ ደጋግሞ የመታው የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሳል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ፀጉሩን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑ ይፋቃል። በሩ ላይ ወደ ብርሃን ዞራ፣ የወጋትን ፀጉር በጣቷ ዳስሳ ትነቅለዋለች፤ መልሶ ይበቅላል። ለእሷ አልደረስክላትም። ብትደርስም ጠባሳውን የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና እንጂ አንተ አይደለህም። የልጅ ልጆቿ ግን ወረንጦን የሚያውቁት ለእሾህ ብቻ ነው።

በየዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ በመዋጥህም ባለዕዳህ ነኝ። ካንተ በፊት የነበረው የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው፤ በቀን ሁለቴ፣ ለስድስት ሳምንት። (ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ዛሬም የሚሰጠው እሱ ነውና ክፉ አልናገረውም።) በአጨዳ ወቅት አንዲት እናት የሦስት ልጆች ዓይን በቀን ሁለቴ እየገለበጠች ትቀባለች ብሎ ያቀደ ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም። ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ የሚራባው በራሳችን ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። አንተ እዚያው ድረስ ገብተህ ለቀናት ትቀመጣለህ።

ገብተህ የምትሠራውን ሳስብ ይገርመኛል። ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራው በራይቦዞሙ ነው፤ አሚኖ አሲዶች እየተቀጣጠሉ የሚወጡበት ጠባብ መሹለኪያ አለው። አንተ መሹለኪያው መግቢያ አጠገብ ትለጠፋለህ። ሰንሰለቱ ጥቂት እንደረዘመ መውጫ ያጣል፤ ፕሮቲን ያጣ ባክቴሪያም መራባት ያቆማል። የእኛም ሕዋስ ራይቦዞም አለው። ነገር ግን አንተ በምትለጠፍበት ቦታ ባክቴሪያው አዴኒን የተባለ ኬሚካላዊ ፊደል ሲኖረው የእኛ ጓኒን ነው። በአንዲት ፊደል ልዩነት ለይተህ ታልፈናለህ።

ሌላውን ውለታህን ማንም የጠበቀው አይመስለኝም። በምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ ለትራኮማ በታደልክባቸው መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው ልጆች ሞት ካልታደልክባቸው በግማሽ ገደማ አንሶ ተገኘ፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ለዓይን ተጠርተህ ነፍስ አተረፍክ።

እኛስ እንዴት ያዝንህ? ከተማ ያለነው ጉንፋን በያዘን ቁጥር ያለ ማዘዣ እንገዛሃለን። የጉንፋን ቫይረስ የራሱ ራይቦዞም የለውም፤ ምኑን ታግድለታለህ? በገጠርም በልጆች አፍንጫ የሚኖረው ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ዕደላው ሲደጋገም ተላመደህ፤ ዕደላው ሲቆም መላመዱ ቀነሰ። በከንቱ የዋጥንህ ሁሉ በከንቱ አልቀረም ማለት ነው፤ ባክቴሪያ ተምሮበታል።

ይህን ሁሉ ዓመት ታድለህም በአንዳንድ ወረዳዎች ትራኮማ አልለቀቀም። አንዳንዱ ሰው አንተን ሲወቅስ እሰማለሁ። የልጅ ፊት የሚታጠብበት ውሃና መጸዳጃ ቤት በየደጁ ማድረስ ግን ካንተ ጋር ተደምሮ የተሰጠን የእኛ ድርሻ ነበር።

አክባሪህ